የጥርስ ሕክምናን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማጣራት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እንደ ፐብሜድ ካሉ የሕክምና ጥናት መረጃ ቋቶች ጋር የተገናኙ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳቶች፣ ጥርሱን ያስነቅል ወይስ ያሳክም እንደሆነ ለሚያመነታ ሰው በእርግጥ ይጠቅማሉ። ነገር ግን ስለ አሠራራቸው የሚነገሩ አንዳንድ ነገሮች እርማት ያስፈልጋቸዋል።

«ከመረጃ ቋቱ ጋር ስለተገናኘ ጥናቱን ሙሉውን አንብቦ ነው የሚመልሰው።» በአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የሚተዳደረው ፐብሜድ በአብዛኛው የያዘው የጥናቶችን ርእስና አጭር ማጠቃለያ እንጂ ሙሉ ጽሑፋቸውን አይደለም። ረዳቱ አንዳንዴ የሌለ ጥናት ፈጥሮ ስለሚጠቅስም፣ የሰጠዎትን የጥናቱን መለያ ቁጥር ራስዎ ፐብሜድ ላይ አስገብተው ርእሱ መግጠሙን ይመልከቱ።

«በቂ ማስረጃ የለም ካለ ሕክምናው አይሠራም ማለት ነው።» ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ድድ ውስጥ ተቀብሮ የቀረ፣ ነገር ግን ሕመምም በሽታም የሌለበትን የመጨረሻ መንጋጋ ጥርስ እንውሰድ። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግመው ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ የኮክሬን፣ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት የጥናቶች ግምገማ፣ እንዲህ ያለውን ጥርስ መንቀል ይሻላል ወይስ መተው ብሎ ለመወሰን የሚያበቃ ማስረጃ አላገኙም። ረዳቱ ይህንን «የመንቀል ጥቅም አልተረጋገጠም» ብሎ ሲያሳጥረው ግን አንባቢው «አታስነቅሉ» የተባለ ይመስለዋል፤ የመተውም ጥቅም እኩል አለመረጋገጡ ከዓይኑ ይሰወራል። ግምገማው የሚመለከተው ደግሞ ጤነኛውን ጥርስ ብቻ ነው። በዙሪያው ያለው ድድ እየተመላለሰ የሚያብጥበት ወይም አጠገቡ ያለውን ጥርስ እየቦረቦረ ያለ ጥርስ ያለው ሰው ጥያቄው ሌላ ነው፤ ያንን የሚለየውም ምርመራና ራጅ ነው።

«በአማርኛ ብጠይቅም ፍለጋው ያው ነው።» ጥናቶቹ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፉ በመሆናቸው ጥያቄዎ መጀመሪያ ይተረጎማል። «መንጋጋዬን ያመኛል» የሚል ሰው ጥርሱን ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ረዳቱ ግን የአገጭ አጥንት ወይም የመጋጠሚያው ሕመም አድርጎ ተረድቶት ፍጹም ሌላ ጥናት ሊያመጣ ይችላል። የትኛው ጥርስ፣ በየትኛው በኩል፣ ሲያኝኩ ወይስ ቀዝቃዛ ሲጠጡ እንደሚያምዎት ይጻፉ።

«የትኛው አንቲባዮቲክ እንደሚሻል ከነገረኝ ይበቃኛል።» ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝቶ ሕመሙን ማለፍ በአገራችን የተለመደ ነው። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ የሰውነት መከላከያ አቅማቸው ጤናማ ለሆኑ አዋቂዎች በአብዛኛው የጥርስ ሕመም አንቲባዮቲክ እንዳይሰጥና ጥርሱ ራሱ እንዲታከም መክሯል፤ የተቆጣው የጥርስ ውስጠኛ ክፍል በክኒን አይድንምና። ጥያቄው «የትኛው» ብሎ ከጀመረ ግን ረዳቱ «ያስፈልጋል ወይ?» የሚለውን ሳያነሣ በቀጥታ ወደ ምርጫው ሊገባ ይችላል። ፊት ወይም አንገት ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ወይም አፍ መክፈትና መዋጥ ካስቸገረ ደግሞ ፍለጋውን ትቶ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።