ድራይቨር ምንድን ነው? ዩኤስቢ ተሰክቶ ዝም ሲል

ፕሪንተሩን ሰካችሁ። መብራቱ በራ። ኮምፒውተሩ ግን ጭጭ። አጠገባችሁ ያለው ሰው "ድራይቨሩ ነው፣ ዊንዶውሱ ፎርማት ይደረግ" ይላል። ፎርማት ማለት ዲስኩ ላይ ያለውን አጥፍቶ እንደ አዲስ ማዘጋጀት ነው። እባካችሁ፣ ለዚህ ብላችሁ አታስደርጉ።

ድራይቨር አስተርጓሚ ነው። ዊንዶውስ የፕሪንተሩን ቋንቋ አይሰማም፤ ፕሪንተሩም የዊንዶውስን። መሃል ገብቶ የሚያግባባቸው ትንሽ ፕሮግራም ድራይቨር ይባላል። ለማውስ፣ ለኪቦርድና ለፍላሽ የሚሆነው ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ ይመጣል። ፕሪንተርና ስካነር ግን ብዙ ጊዜ የራሳቸውን ይፈልጋሉ።

ከትርጉሙ በፊት ትውውቅ አለ። ዕቃው እንደተሰካ ኮምፒውተሩ "ማን ነህ?" ይለዋል። ዕቃውም ሁለት ቁጥር ይነግረዋል፤ አንዱ የአምራቹ፣ ሌላው የምርቱ። ዊንዶውስ ድራይቨር የሚፈልገው በእነዚህ ቁጥሮች ነው። ዕቃው ማንነቱን ካልተናገረ አስተርጓሚ ምን ያደርጋል?

የቱ ጋ እንደተቋረጠ ማወቅ ይቻላል። ስታርት ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ዲቫይስ ማናጀርን ክፈቱ። ቢጫ ምልክት ያለበትን ደብል ክሊክ አድርጉና ኮዱን አንብቡ። 28 ከሆነ ድራይቨር አልተጫነለትም፤ ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዳችሁ ጫኑ። 43 ከሆነና ዕቃው "ያልታወቀ" ከተባለ ግን ብዙውን ጊዜ ትውውቁ ላይ ነው የተበላሸው። ያኔ ድራይቨር ከማሳደድ በፊት ገመድና ፖርት (መሰኪያውን ቀዳዳ) ቀይሩ።

ገመድ ብዙ ሰው ያታልላል። ተራ የዩኤስቢ ገመድ ውስጥ 4 ሽቦ አለ፤ 2ቱ ለኃይል፣ 2ቱ ለዳታ። የዳታው ሽቦ ከተበጠሰ መብራቱ ይበራል፣ ወሬ ግን አያልፍም። እኔ በአንድ ስካነር ድራይቨር ስጭንና ሳጠፋ ግማሽ ቀን ውያለሁ። የፈታው ከጎረቤት የተዋስኩት ገመድ ነው። አንዳንድ የስልክ ቻርጀር ገመድ ደግሞ ከመጀመሪያውም የዳታ ሽቦ የለውም።

ኃይልም አለ። የዩኤስቢ 2.0 ፖርት የሚሰጠው እስከ 500 ሚሊአምፒር ነው። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ በሀብ (አንዱን ፖርት ለብዙ ዕቃ በሚያካፍል ማከፋፈያ) ሰክታችሁ ቀጭ ቀጭ ካለ፣ ሀቡን ትታችሁ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩት።

ፍላሽ ሰክታችሁ "ፎርማት ይደረግ?" የሚል ከመጣ ነገሩ ሌላ ነው። እዚህ ጋ ትውውቁም ትርጉሙም አልቋል፤ ያልተነበበው የፋይሉ አቀማመጥ ነው። የምትፈልጉት ፋይል ካለበት እሺ እንዳትሉ።