ብሬግዚት፦ ሀዋሳ ቡና ላይ የሰማኋቸውና እውነታው

እሑድ እሑድ አሞራ ገደል ዓሣ በልተን ስንመለስ ጎራ የምንልባት ቡና ቤት አለች። ባለፈው ጨዋታው ብሪታኒያ ከአውሮፓ ኅብረት መውጣቷ፣ ብሬግዚት የሚባለው ላይ ደረሰ። አንዱ «ተገላገለች» አለ። ሌላው «አለቀላት» አለ። ሁለቱም ቅንጣት ታህል አልተጠራጠሩም። እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ነው። አንድ አገር ከኅብረት ሲወጣ የሚመጣውን ሁሉ ቆጥሮ የሚጨርስ የለም። መመዘን ግን ይቻላል።

«ይወድቃል የተባለው ኢኮኖሚ አልወደቀም፤ ስለዚህ ጉዳት የለውም»

ግማሹ እውነት ነው። ብሪታኒያ ከኅብረቱ ትውጣ ወይስ ትቆይ ተብሎ በ2016 እ.ኤ.አ. ከተደረገው ሕዝበ ውሳኔ አንድ ወር ቀደም ብሎ የአገሪቱ ገንዘብ ሚኒስቴር «እንውጣ» ካሸነፈ ወዲያው ድቀት እንደሚመጣና ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሥራ እንደሚጠፋ ተንብዮ ነበር። አልሆነም። እንዲያውም ሥራ አጥነት ቀነሰ። ትንበያው ስቷል፤ መካድ አያስፈልግም።

ግን ፓውንድ ድምፁ በተቆጠረበት ሌሊት ከ1.50 ዶላር ግድም ወደ 1.33 ዶላር ወረደ። ከ1985 እ.ኤ.አ. ወዲህ እስከዚያ ቀን ድረስ እንደዚያ ዝቅ ብሎ አያውቅም ነበር። የአክስቴ ልጅ ለንደን ነው የምትሠራው። በዚያ ሰሞን የላከችው እንደወትሮው 100 ፓውንድ ነበር። ባንክ ሄጄ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ብሩ አንሶብኝ ደረሰኙን ሁለቴ አየሁት። አክስቴ ቆጥራ ስትጨርስ «ልጄ ምን ገጥሟት ነው?» አለችኝ። ልጅቷ ምንም አልገጠማትም። ብሪታኒያም ገና አልወጣችም ነበር።

ሌላው ጉዳት ዝግ ብሎ ነው የሚመጣው። የብሪታኒያን በጀት በገለልተኝነት የሚገመግመው ተቋም፣ የአገሪቱ ምርታማነት ኅብረቱ ውስጥ ብትቆይ ኖሮ ይደርስበት ከነበረው በረጅም ጊዜ 4 በመቶ ያህል እንደሚያንስ ይገምታል። «ብትቆይ ኖሮ» የምትለዋን ያዙልኝ። ሚዛኑ «ዘንድሮ ከአምና ይሻላል ወይ?» አይደለም። ኢኮኖሚው እያደገም ሊያድግ ከሚችለው በታች ሊሆን ይችላል። ያልተሄደበትን መንገድ ደግሞ ያየው ሰው የለም። በመሐል ኮሮና ገባ፤ የዩክሬን ጦርነት ተከተለ። የትኛው ጉዳት የማን እንደሆነ ለመለየት ባለሙያዎቹም ይቸገራሉ። ስለዚህ 4 በመቶውን እንደ ግምት እንጂ እንደ ሚዛን ንባብ አትውሰዱት። ግምት ስለሆነ ብላችሁም አትጣሉት።

«ድምፅ የሰጡ ዕለት ወጡ»

አይደለም። ሰኔ 23 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. 51.9 በመቶው «እንውጣ» አለ። መውጫው ጥር 31 ቀን 2020 ሆነ። የድሮው የንግድ ደንብ እስከዚያው ዓመት መጨረሻ ቀጠለ። የሀዋሳ ሰው ይሄ አይገርመውም። የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ከአገር የመውጣት ጉዳይ አልነበረም፤ ነገሩ ሌላ ነው። ግን ኅዳር 2012 ዓ.ም. ድምፅ ተሰጥቶ ክልሉ በይፋ የተመሠረተው ሰኔ ላይ ነው።

«ቀረጥ ከሌለ ንግዱ እንደነበረ ነው»

በ2020 እ.ኤ.አ. ማብቂያ የተደረሰው ስምምነት ቀረጥም ኮታም የለበትም። ወረቀት ግን አለው፦ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ የጤና ምስክር ወረቀት፣ ዕቃው የት እንደተሠራ ማስረጃ። ጥር 2021 ላይ የስኮትላንድ ዓሣ ላኪዎች በዚህ ወረቀት ተይዘው ጭነታቸው ዘገየ። መኪናቸውን ይዘው ለንደን ድረስ ሄደው ተቃወሙ። አሞራ ገደል የዋለ ሰው ይሄን ማስረዳት አያሻውም። የጧቱ ቆሮሶ ዓሣ ከሰዓት በኋላ ዋጋው ሌላ ነው። ዓሣ ማኅተም አይጠብቅም።

«በሳምንት 350 ሚሊዮን ፓውንድ ተረፋቸው»

«እንውጣ» ባዮች ለኅብረቱ ይከፈላል ብለው የዘመቻ አውቶቡሳቸው ላይ የጻፉት ቁጥር ነው። ከዚያ ላይ ብሪታኒያ ሳትከፍል የሚቀርላት ተቀናሽ አልወጣለትም ነበር። የአገሪቱ የስታቲስቲክስ ተቆጣጣሪም ያኔውኑ አሳሳች ነው ብሏል።

«ስደተኛ ቀነሰላቸው»

ከኅብረቱ አገሮች የሚመጣው ቀነሰ። ከሌላው ዓለም የሚመጣው ግን አሻቀበ። እስከ ሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. ባለው አንድ ዓመት ወደ አገሪቱ የገባው ሰው ከወጣው በ900 ሺህ ገደማ በልጧል። ተማሪ፣ የጤናና የእንክብካቤ ሠራተኛ፣ ከዩክሬንና ከሆንግ ኮንግ የመጣ። ቪዛውን የፈቀደው የራሷ መንግሥት ነው። መውጣቱ ሥልጣኑን ለለንደን ሰጠ፤ በሥልጣኑ ምን እንደሚሠራበት ግን የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

ቡናው ላይ ማንም ያላነሳት አንዲት ጉዳይ አለች፦ የዚያችው አገር ክፍል የሆነችው ሰሜን አየርላንድ። ኅብረቱ ውስጥ ከቀረችው ከአየርላንድ ሪፐብሊክ ጋር ባላት ድንበር ላይ የፍተሻ ኬላ እንዳይተከል ሲባል ፍተሻው ወደ ባሕሩ ዞረ። ከብሪታኒያ ወደ ሰሜን አየርላንድ፣ ማለትም ከአገር ወደዚያው አገር፣ የሚሄድ ምግብ ወረቀት ተጠየቀ። ይሄን የሚያቃልል ስምምነት የተደረሰው የካቲት 2023 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከሕዝበ ውሳኔው ስድስት ዓመት ከመንፈቅ በላይ ቆይቶ።