የግብርና ድጎማ ክፍያ ምንድን ነው?

የግብርና ድጎማ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን በቅናሽ የሚሸጥ ማዳበሪያ ነው። እሱም ድጎማ ነው። ሌላም ዓይነት አለ፤ መንግሥት ለገበሬው በቀጥታ የሚከፍለው ገንዘብ። ገበሬው ያመለክታል፣ መሬቱ ይመዘገባል፣ ገንዘቡ ባንክ ይገባለታል።

ለምን ይከፈላል? ግብርና ዝናብም ገበያም የሚፈትነው ሥራ ነው። ጥሩ ዓመት ራሱ ጣጣ አለው፤ ሁሉም ደህና ካመረተ ዋጋ ይወድቃል። አሜሪካ በ1933 የድጎማ ሕግ ያወጣችው የእህል ዋጋ ወድቆ ገበሬዋ ዕዳ ውስጥ ሲዘፈቅ ነበር። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ድጎማ ማንን እንደሚጠቅም ለማወቅ እኔ መጀመሪያ የማየው ክፍያው ከምን ጋር እንደታሰረ ነው። የገንዘቡ መጠን ቀጥሎ ይታያል።

ከምርት ጋር ሲታሰር ምን እንደሚሆን አውሮፓ አይታዋለች። በ1962 የተጀመረው የጋራ የግብርና ፖሊሲ ለገበሬው የዋጋ ዋስትና ሰጠው። ገበያው ካላነሳልህ መንግሥት በተቆረጠ ዋጋ ይረከብሃል። ገበሬው ምን ያድርግ? አመረተ። በ1980ዎቹ መጋዘኑ በቅቤና በወተት ዱቄት ተጨናነቀ። የተረፈው ምርት በሌላ ድጎማ ረክሶ ወደ ውጭ ተላከ። ያለ ድጎማ የሚያመርተው የሌላ አገር ገበሬ ዋጋ ተሰበረበት። በ2003 ቤኒን፣ ቡርኪና ፋሶ፣ ቻድና ማሊ የዓለም ንግድ ድርጅት ፊት ያቀረቡት አቤቱታም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ የሀብታም አገሮች የጥጥ ድጎማ የገበሬዎቻችንን ገቢ እየጣለ ነው አሉ። እውነታቸውን ነበር።

ከዋጋ ጋር የታሰረው የአሜሪካ ክፍያ ደግሞ ጠጋ ብለው ካላዩት ግራ ያጋባል። የ2018ቱ ሕግ ለበቆሎ የቆረጠው መነሻ ዋጋ ለአንድ ቡሼል (25 ኪሎ ግድም) 3.70 ዶላር ነበር፤ በ2025 ከፍ ተደርጓል፣ ምሳሌውን ግን በዚሁ ዋጋ እንየው። የዓመቱ አማካይ የገበያ ዋጋ 3.40 ላይ ቢወርድ፣ ይህን አማራጭ የመረጠ ገበሬ ልዩነቷን 30 ሳንቲም ያገኛል። ስሌቱ ግን ዘንድሮ ባመረተው ልክ አይደለም። በመዝገብ የቆየው የበቆሎ መሬቱ 100 ኤከር (አንዱ 0.4 ሄክታር ግድም)፣ የተመዘገበለት ምርት በኤከር 120 ቡሼል ነው እንበል። የሚታሰበው 85 በመቶው መሬት ነው። 85 በ120፣ ያን በ0.30 ሲያባዙት 3,060 ዶላር ይመጣል። ልብ በሉ፤ ሰውየው ዘንድሮ በዚያ መሬት ላይ አኩሪ አተር ዘርቶ ሊሆን ይችላል። የበቆሎውን ክፍያ ግን ይወስዳል። እንዲህ የተደረገው ለክፍያው ሲል ብቻ በቆሎ እንዳይዘራ ነው። እንደኔ ብልህ አሠራር ነው።

አውሮፓም ከ2003ቱ ማሻሻያ ወዲህ አብዛኛውን ክፍያ ከምርት አላቅቃ ከሄክታር ጋር አሰረችው። የመጋዘኑ ችግር ቀለለ፣ ሌላ መጣ። በሄክታር ከተከፈለ ብዙ መሬት ያለው ብዙ ይወስዳል። ከክፍያው 80 በመቶው ገደማ ወደ 20 በመቶዎቹ ተቀባዮች ይሄዳል ሲባል የኖረው ለዚህ ነው። መሬት ተከራይቶ የሚያርሰውም ቢሆን ድጎማውን በእጁ ይቀበል እንጂ፣ ባለመሬቱ ይህን ስለሚያውቅ ኪራዩን ይጨምርበታል።

ሕንድ በ2019 የጀመረችው ክፍያ ቀለል ያለ ነው። መሬት በስሙ ያለው የገበሬ ቤተሰብ በዓመት 6,000 ሩፒ በሦስት ዙር በባንክ ይደርሰዋል። መሬቱ ይነስም ይብዛ ያው ነው፤ ይህ ለትንሹ ገበሬ ደግ ነገር ነው። የሚያሳዝነው የሰው መሬት በእኩል የሚያርሰው ነው። ፀሐዩን የሚቀበለው እሱ ሆኖ፣ በመዝገብ ስሙ ስለሌለ ክፍያው አይደርሰውም። የኦዲሻ ክልል በራሱ ፕሮግራም የእኩል አራሾችንና መሬት የሌላቸውን ቤተሰቦች ጨምሮ ነበር፤ ስለዚህ ማካተት ይቻላል። ከባዱ ማጣራቱ ነው። የእኩል እርሻ ውል ብዙ ጊዜ በቃል ስለሚያልቅ፣ ያረሰው ማን እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት የለም።