ሎክታይቱ አልተበላሸም!

ባሕር ዳር ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ ስሠራ ብዙ ዓመቴ ነው። ያቺ ትንሽ የሎክታይት፣ የብረት ማጣበቂያ ጠርሙስ ተይዛ ስትመጣ ገና ከበር አውቃታለሁ። «ይሄ ሎክታይት ተበላሽቷል፤ አልደርቅ አለ።»

አልተበላሸም!

ባለፈው ያመጣው አንድ የፎገራ ሽንኩርት አምራች ነው። የውኃ ፓምፑ ኩሽኔታ ዘንጉ ላይ እየዞረ በልቶታል። ሱቅ ሄዶ ማጣበቂያ ገዛ። ሊሞክረው ቆርቆሮ ላይ ጠብ አደረገና አደረ። ጠዋት ሲያየው ያው ፈሳሽ ነው። «በጊዮርጊስ! ዘይት ነው የሸጡልኝ። ጠርሙሱም ጎዶሎ ነው» አለኝ።

ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ጠባዩ ከቀለም ተቃራኒ ነው። አየር እያገኘ አይደርቅም። አየር ሲያጣና ብረት ሲነካ ነው የሚጠነክረው። ጠርሙሱን አውቀው ነው የማይሞሉት፤ ከላይ ያለው አየር ፈሳሹ እንዳይደርቅ ይጠብቀዋል።

ጠርሙሱ ላይ ያለውን የዓይነቱን ቁጥር ሳየው 638 ነው። ሻጩ አውቆም ይሁን በዕድል ትክክለኛውን ሰጥቶታል። ዘንጉን ለካሁ፤ ከኩሽኔታው ጋር ያለው ክፍተት 0.1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። 638 እስከ 0.25 ይሞላል። ግራሶውን በአሴቶን አጥቤ ቀባሁና ኩሽኔታውን አስገባሁ። ትርፉን በጨርቅ ጠረግኩ። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ኩሽኔታው ዘንጉን ጨምድዶ ይዟል። ጨርቁ ላይ ያለው ግን አሁንም እርጥብ ነው። ሰውየው ጣቱን ነክሮ አየውና ሳቀ። ፓምፑን እስከ ነገ እንዳያስነሳ ግን ለምኜዋለሁ። ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት 24 ሰዓት ይፈልጋል።

ከሌሎች ደንበኞችም ብዙ እሰማለሁ። «ሱፐር ግሉ ምን አለው?» ሲደርቅ እንደ ብስኩት ነው። ንዝረት ይሰብረዋል።

«ሰማያዊው አለኝ፣ 243።» እሱ ለቡሎንና ለዳዶ ነው። ለዘንግ፣ ለኩሽኔታና ለቡሽ (ዘንግ ለሚያቅፈው የብረት ቀለበት) ሌላ ቁጥር አለ።

«በጣም ጠንካራውን ስጠኝ።» ለምን? ነገ የምትፈታው ከሆነ ጥንካሬው መካከለኛ የሆነውን 641 ውሰድ። ክፍተቱ ጠባብ ሆኖ ሙቀት ካለ 648 አለልህ፤ እስከ 180 ዲግሪ ይችላል። ዘንጉ ክፉኛ ከተበላ 660 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ይሞላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ፈሳሽ አትፈልግ፤ አስበይደው፣ እኔ ቶርኖ ላይ እመልሰዋለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ለካ፣ ከዚያ ግዛ። እባካችሁ፣ በጣት እያወዛወዙ «ትንሽ ነው የላላው» ማለት ልኬት አይደለም!

«አንዴ ከያዘ አይፈታም።» ይፈታል። ወደ 250 ዲግሪ አሙቀህ ሳይቀዘቅዝ ትስበዋለህ። ኩሽኔታው ግን ከዚያ በኋላ አይረባም።

«ስቴንለስ ላይ አይሠራም።» ይሠራል፣ ግን ይዘገያል። ጀልባ ያላችሁ፣ የፕሮፔለራችሁ ዘንግ ስቴንለስ ከሆነ የማጣበቂያውን ማፍጠኛ ፈሳሽ አብራችሁ ግዙ። መጀመሪያ እሱን ነፍታችሁ ስታደርቁት ነው ማጣበቂያው የሚቀባው።