ነጥብ አልባው ዳላት-ሪሽ ምንድን ነው?

ዩኒኮድ ኮምፒውተር ላይ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ መዝገብ ነው። በውስጡ ነጥብ አልባ ዳላት-ሪሽ ስለምትባል የሱርስት (የሶርያ ክርስቲያኖች ጥንታዊ ቋንቋ) ምልክት «ዩኒኮድ ነጥቡን ረስቶታል፤ ፎንት ቀይሩና ይስተካከላል» የሚል ምክር ሰሞኑን ለሦስተኛ ጊዜ አነበብሁ። መካሪው በልበ ሙሉነት ነው የጻፈው። የተረሳ ነጥብ ግን የለም፤ ፎንት ቢቀየርም የሚመጣ ነጥብ አይኖርም።

በሱርስት ጽሕፈት ዳላትና ሪሽ (የእኛ ድንትና ርእስ ዘመዶች ናቸው) መልካቸው አንድ ነው። የምትለያቸው አንዲት ነጥብ ናት፤ ለዳላት ከሥር፣ ለሪሽ ከላይ ትቀመጣለች። መንታ እኅትማማቾችን አስቡ፤ አንዷን ማርያም አገጯ ላይ ስማታለች፣ ሌላዋን ግንባሯ ላይ። ዩኒኮድ ዳላትን በ0715 መዝግቧታል፤ ሪሽም የራሷ ቁጥር አላት። ታዲያ 0716 ላይ የተቀመጠችው ነጥብ የሌላት ማን ናት? ሦስተኛ እኅት አይደለችም። «ከመንታዎቹ አንዷ መጥታ ነበር፤ የትኛዋ እንደሆነች ግን አልተለየም» ብሎ ዘበኛው በመዝገቡ ላይ ያሰፈረው መስመር ናት።

ምሳሌዬ እዚህ ላይ ማነከስ ይጀምራል፤ በጥንቱ ዘመን ምልክቷ ራሷ አልነበረችምና። በኤደሳ፣ በዛሬዋ ኡርፋ አካባቢ፣ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በነበሩት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ክፍለ ዘመናት በድንጋይ ላይ የተቀረጹት ጽሑፎች ሁለቱን ፊደላት በአብዛኛው ያለ ነጥብ ያስቀምጧቸዋል። ዐይን፣ ቤት፣ ዳላት ብትጽፉ «አደረገ» ነው፤ ዐይን፣ ቤት፣ ሪሽ ደግሞ «ተሻገረ»። ድንጋዩ ነጥብ ከሌለው ሰውዬው ሠራ ወይስ ተሻገረ? አብዛኛውን ጊዜ ዐውዱ ይነግረናል። ነገር ግን ያ የእኛ ፍርድ ነው፤ ድንጋዩ ላይ የተጻፈ አይደለም። ጽሑፉን ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጥ 0715ን የመታ ሰው ሳያስታውቅ ፈርዷል። 0716ን የመታው ድንጋዩን እንዳለ አስተላልፏል። ይህችን ቁጥር «ላስተካክል» ብሎ በጅምላ ወደ ዳላት የሚለውጥ ሰው ምስክር እያጠፋ ነው።

የፎንቱ እምነት እኛ ዘንድ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የግእዝም ሆነ የሱርስት ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት አማርኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደላት ቁጥሮች ላይ የግእዝ መልክ እየተደረበ ነበር፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ደብዳቤው የላቲን ዝባዝንኬ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የሁሉ በሽታ መድኃኒት ፎንት ነው ብለን አደግን።

ፎንት የራሱ ሥራ አለው። ኤስትራንጌሎ፣ ሰርጦና የምሥራቁ ጽሕፈት የአንዱ የሱርስት ፊደል ሦስት ልብሶች (የአጻጻፍ ስልቶች) ናቸው፤ ልብሱን የሚቀይረው ፎንት ነው፣ ቁጥሩ ግን በሦስቱም ያው ነው። «ዩኒኮድ ሰርጦ የለውም» የሚሉትም የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ልብስ መቀየር ግን አገጭ ላይ ምልክት አያበቅልም።

አንዳንድ ብልጦች ደግሞ 0716ን ጽፈው ከሥሯ ተንቀሳቃሽ ነጥብ (የራሱ ቁጥር ያለው፣ በፊደል ላይ የሚለጠፍ ነጥብ) ይጨምሩባታል። ለዓይን ፍጹም ዳላት ናት። ዩኒኮድ ግን ሁለቱን እንደ አንድ አይቆጥርም፤ በ0715 ስትፈልጓት አትገኝም። ከመስታወት ፊት ቆማ በኩል አገጯ ላይ የነቀሰች እኅት መታወቂያዋ አይለወጥም።

ሳትጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር። ሱርስት ብዙ ቁጥርን ለማመልከት በቃሉ ላይ ሁለት ነጥብ ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ በሱርስት «ሲያሜ» ይባላል፣ በዩኒኮድ 0308 ነው። በሪሽ ላይ ሲያርፍ ከፊደሏ ነጥብ ጋር ሦስት መሆን ነበረበት፤ በገጹ ላይ የምታዩት ግን ሁለት ብቻ ነው፣ የሪሽ ነጥብ ከሁለቱ ጋር ተዋሕዳለችና። በመዝገቡ ውስጥ ሪሽ ሪሽ ናት፣ ምንም አልጎደላትም። ይህኛው በእርግጥም የፎንት ሥራ ነው።