ፈጠራ፣ የመንግሥት ተቋማትና ስደተኛ ባለሙያዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ፈጠራ የግል ኩባንያዎች ሥራ ነው፤ መንግሥት እጁን ካስገባ ያበላሸዋል።»

ለኢንተርኔት መሠረት የጣለው አርፓኔት የተባለ የኮምፒውተሮች መረብ እ.ኤ.አ. በ1969 የተዘረጋው በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ኤጀንሲ ገንዘብ ነው። ጎግልም የበቀለው የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ይደግፈው ከነበረ የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ምርምር ውስጥ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ሰርጌ ብሪን ደግሞ በልጅነቱ ከሶቪየት ኅብረት የተሰደደ ነው።

«የውጭ ባለሙያ የአገሬውን ሥራ ይነጥቃል።»

እ.ኤ.አ. ከ1933 በኋላ ናዚዎች ያባረሯቸው አይሁዳውያን ኬሚስቶች አሜሪካ ሲገቡ፣ በተሰማሩባቸው የምርምር መስኮች የአሜሪካውያን ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) በ31 በመቶ ማደጉን እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ዋናው ምክንያት ስደተኞቹ አዳዲስ ተመራማሪዎችን ወደ መስኮቹ መሳባቸው ነው። ሥራ በቁጥር ተወስኖ የተቀመጠ ወንበር ይመስል የሚከራከሩ ሰዎች ይህን ልብ ቢሉት እወዳለሁ።

«የተማረ ሰው ከሄደ ቀረ፤ ላገሩ አይጠቅምም።»

ጉዳት የለም አልልም፤ ሐኪሞቹን ያጣ ሆስፒታል ጉዳቱን በየቀኑ ያየዋል። ነገር ግን ታይዋንን እንመልከት። ብዙ ወጣት መሐንዲሶቿ ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄደው በዚያው ይቀሩ ነበር። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1973 የኢንዱስትሪ ቴክኖሎጂ ምርምር ተቋምን አቋቋመ፤ በ1980 ደግሞ የሲንቹ ሳይንስ ፓርክን ከፈተ። በ1985 ቻይና የተወለደውንና በአሜሪካ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በተባለ የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ ለ25 ዓመታት የሠራውን ሞሪስ ቻንግን ጋብዞ የምርምር ተቋሙን አስረከበው። ቻንግ በ1987 ቲኤስኤምሲን መሠረተ፤ ከመነሻው ካፒታል ግማሽ ያህሉን ያዋጣው መንግሥት ነው። ዛሬ ኩባንያው ሌሎች ኩባንያዎች የነደፉትን ቺፕ (በኮምፒውተርና በስልክ ውስጥ ያለውን ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ክፍል) በትእዛዝ በማምረት በዓለም ትልቁ ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ቅደም ተከተሉ ነው፦ ባለሙያው ከመጠራቱ አስቀድሞ የሚሠራበት ተቋም ለ12 ዓመታት ቆሞ ነበር። «ኑና አገራችሁን አገልግሉ» የሚል ጥሪ ብቻውን ይህን አያደርግም።

«ቴክኖሎጂ ፓርክ ከተገነባ አካባቢው ይለማል።»

ሕንፃው ቀላሉ ክፍል ነው። ሲንቹ ከሕንፃው ባሻገር ሁለት ጠንካራ ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋሙ በቅርብ ነበሩት።

«ቪዛ ብቻውን ባለሙያን በክልል ከተማ ያቆያል።»

አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በምትሰጠው 491 በተባለው ቪዛ፣ ባለሙያው ከሲድኒ፣ ከሜልበርንና ከብሪዝበን ውጭ መኖርና መሥራት አለበት። ከሦስት ዓመት በኋላ ለቋሚ መኖሪያ ማመልከት ይችላል። የቋሚ መኖሪያ ፈቃዱን ካገኘ በኋላ ግን በዚያው እንዲቆይ የሚያስገድደው ነገር የለም፤ ቤተ ሙከራ፣ ለትዳር ጓደኛው ሥራ፣ ለልጆቹ ጥሩ ትምህርት ቤት በዚያው ካላገኘ ወደ ትልቁ ከተማ ይሄዳል።