ይሉኝታ ምንድን ነው? መመሳሰል፣ እሺ ማለትና መታዘዝ

ስብሰባው የተጠራው እሁድ ጠዋት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነበር። ቦታው ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየማችን ሥር፣ ልብስ የምናሰጣበት ሜዳ ላይ። አጀንዳው አንድ ነው። ብሎኩ ቀለም ይቀባ፣ እያንዳንዱ ቤት 4,000 ብር ያዋጣ። ሰብሳቢው "የሚቃወም አለ?" አለ። ዝም። "የሚደግፍስ?" ከፊት የተቀመጡት ሦስት ሰዎች እጃቸውን አወጡ። ከዚያ ከጎናቸው ያሉት። ከዚያ እኔ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፣ ተጨበጨበም።

ጉዱ የመጣው ደረጃ ስንወጣ ነው። የሁለተኛ ፎቁ ጎረቤቴ "ቀለም ይጠጣል እንዴ? ውሃ በሳምንት ሁለቴ እየመጣ ሮቶ አይሻልም ነበር?" አለኝ። የሦስተኛ ፎቋ እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ "እኔስ ከየት አምጥቼ ነው?" አሉ።

"ታዲያ ለምን እጅዎን አወጡ?"

"አይ ልጄ፣ ሁሉም ሲያወጣ እኔ ምን ልሁን? ይሉኝታ ነው እንጂ።"

ይሉኝታ። ቃሉ ራሱ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። "ምን ይሉኛል?" ከሚለው የወጣ ነው። የሚሉት እነማን እንደሆኑ ግን አይናገርም። ጎረቤት ሊሆን ይችላል፣ ዘመድ ሊሆን ይችላል፣ አይተነው የማናውቅ ሰውም ሊሆን ይችላል። እኔ ይህን ቃል እወደዋለሁ። ግን አንድ ጣጣ አለው። ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ከረጢት ይከታል።

የሥነ ልቦና ሰዎች ከረጢቱን በጠቅላላ ማኅበራዊ ተጽዕኖ ይሉታል። ሌላው ሰው ስላለ፣ ስለጠየቀ ወይም ስላዘዘ ብቻ የእኛ ሐሳብና ድርጊት ሲለወጥ ማለት ነው። ማንም ምንም ሳይለን ሌላው የሚያደርገውን ካደረግን መመሳሰል ነው። ሰው ጠይቆን፣ እምቢ ማለት እየቻልን ከተቀበልን እሺ ማለት ነው። ሥልጣን አለው ብለን ያሰብነው ሰው ሲያዝ ካደረግን ደግሞ መታዘዝ ነው። ከውጭ ሲታዩ ሦስቱም አንድ ናቸው። ያልፈለግነውን አድርገን ወደ ቤት እንገባለን። የሚይዘን ገመድ ግን ይለያያል።

ከመመሳሰል እንጀምር። የእኛ ስብሰባ እሱ ነበርና።

መመሳሰል ሁሌ ከይሉኝታ አይመጣም። አንዳንዴ ዝም ብሎ ካለማወቅ ነው። ወደዚህ ሰፈር አዲስ የገባሁ ሰሞን መገናኛ ላይ ረጅም ሰልፍ አየሁ። ሲመሽ ነው፣ ታክሲ የለም፣ ይህን ያህል ሰው ከተሰለፈ መቼም የእኛ ነው ብዬ ገባሁ። 40 ደቂቃ ያህል ቆሜያለሁ። ታክሲው ሲመጣ ረዳቱ "አያት! አያት!" አለ። ከፊቴ የነበረችውን ልጅ "የቱሉ ዲምቱ አይደለም እንዴ?" አልኳት። "እኔም ሰው ሲሰለፍ አይቼ ነው" አለችኝ።

ቱርክ የተወለደው ሙዛፈር ሸሪፍ እ.ኤ.አ. በ1935 ያሳየው ይህንኑ ነው። ሰዎችን ጨለማ ክፍል አስገብቶ አንዲት የብርሃን ነጥብ አሳያቸው። ነጥቧ አትንቀሳቀስም፤ ግን በድቅድቅ ጨለማ ዓይን የምትንቀሳቀስ ያስመስላታል። ምን ያህል ተንቀሳቀሰች ብሎ ለየብቻ ሲጠይቃቸው እያንዳንዱ የየራሱን ግምት ሰጠ። አብረው ሲቀመጡ ግምታቸው እየተቀራረበ ሄደ። ከመጀመሪያው አብረው የተቀመጡትን ኋላ ለየብቻ ሲጠይቃቸው እንኳ ያንኑ የጋራ ግምት ይዘው ቀሩ። የማናውቀው ነገር ላይ ሌላው ሰው መብራታችን ይሆናል። ይህ ሞኝነት አይደለም። ብዙ ጊዜ ሰልፉ ትክክለኛው ሰልፍ ነው።

ግን መልሱ ፊታችን ተገትሮ ሲታይስ? ሰለሞን አሽ የተባለው፣ ዋርሶ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የጠየቀው ይህን ነው። አንድ መስመር ያሳያል፤ ከዚያ ሦስት መስመሮች፤ በቁመት ከመጀመሪያው እኩል የሆነው የትኛው ነው? ጥያቄው ለሕፃን ነው። ብቻቸውን የተጠየቁ ሰዎች ከመቶ አንድ ጊዜ እንኳ አይሳሳቱም። አሽ ግን የሚፈተነውን ተማሪ ቀድሞ ካስጠናቸው ሌሎች ተማሪዎች ጋር አስቀመጠው፣ መጨረሻው አካባቢ። ከ18 ዙር በ12ቱ ሁሉም ባንድ አፍ የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉ። ከዚያ ተራው የእሱ ይሆናል።

ከመልሶቹ 37 በመቶ ያህሉ ከስህተቱ ጋር ሄዱ። ከሦስት አራተኛ ያላነሱት ተፈታኞች ቢያንስ አንዴ እጅ ሰጡ። ከአራት አንዱ ግን እስከ መጨረሻው አልተነቃነቀም፤ ይህንን ብዙ ጊዜ ሰው ረስቶ ነው የሚያወራው። ኋላ ሲጠየቁ አንዳንዶቹ ዓይናቸውን ተጠራጥረው እንደነበር ተናገሩ። ሌሎቹ መልሱን ያውቁታል፤ ለብቻ መውጣቱን ነው የፈሩት። ይኸኛው ነው ንጹሕ ይሉኝታ።

እኔን የገረመኝ ግን ቁጥሩ ሳይሆን አሽ ሁኔታውን ሲቀያይረው የሆነው ነው። የሚሳሳተው ሰው አንድ ብቻ ከሆነ ተፈታኙ ግድም አይሰጠው። ሦስት ሲሆኑ ጫናው ይሞላል፤ ከዚያ በላይ ሰው መጨመር ብዙ ለውጥ አያመጣም። (ከፊት የተቀመጡትን ሦስት ሰዎች አስታወሳችሁ?) አንድ ሰው ብቻ ከቡድኑ ሲያፈነግጥ ደግሞ ጫናው ይፈርሳል። ደግሞ ያ ሰው ልክ መሆን እንኳ የለበትም። ሌላ ስህተት ቢናገርም ይሠራል። የሚያስፈልገው የአንድነቱ መሰንጠቅ ነው። መልሱን ጮክ ብሎ መናገር ቀርቶ በወረቀት ሲጻፍም መመሳሰሉ በብዙ ቀነሰ። ያኔ ሜዳው ላይ ግን የሰነጠቀውም ሰው አልነበረም፣ ወረቀትም አልነበረም።

እሺ ማለት ሌላ ነው። እዚህ ጠያቂ አለ፣ ዓይን ለዓይን የሚያየን። እኛ አገር ደግሞ ጠያቂው መሣሪያው ብዙ ነው። "በሞቴ!" "አፈር ስሆን!" ጠግበን ተነስተን እጅ ልንታጠብ ስንል "ይቺን ብቻ" ተብሎ የመጣን ጉርሻ ማን መለሰው? አንዱን ስንውጥ ደግሞ "አንድ ጉርሻ ያጣላል" ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል። በዚህ ጥበብ እናቶቻችንን የሚያህል የለም።

ከጥበቦቹ አንዱ ትንሽ ጠይቆ መጀመር ነው። ሁለት የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት ጥናት ካሊፎርኒያ ውስጥ የሰው ቤት አንኳኩተው ያልተለመደ ነገር ጠየቁ። "በጥንቃቄ ያሽከርክሩ" የሚል ትልቅ፣ አስቀያሚ ሰሌዳ ግቢዎ ውስጥ እንትከል? በቀጥታ የተጠየቁት እሺ ያሉት 17 በመቶ ብቻ ናቸው። ከሁለት ሳምንት በፊት ስለዚያው ጉዳይ መዳፍ የማትሞላ ማስታወቂያ እንዲለጥፉ ተጠይቀው ከተስማሙት ግን 76 በመቶው ትልቁንም ተቀበሉ። ተመራማሪዎቹ እንደገመቱት፣ ትንሿን ከተቀበሉ በኋላ ስለ ራሳቸው ያላቸው አስተያየት ተለውጧል። "እኔ ለዚህ ጉዳይ የምተባበር ሰው ነኝ" ብለው ማሰብ ጀምረዋል ማለት ነው። ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል የሚባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

እኔ ይህን ጥናት ያነበብኩት ከረፈደ ነው። የብሎካችን ሰብሳቢ አንድ ቀን "አንተ ጽሕፈትህ ያምራል፣ እስቲ የነዋሪውን ስም ዝርዝር ገልብጥልኝ" አለኝ። ገለበጥኩ። በሳምንቱ "የመዋጮውን ደረሰኝ አንዴ ያዝልኝ" አለ። ያዝኩ። ሁለት ዓመት ሆነኝ የብሎኩ ጸሐፊ ከሆንኩ። ማን እንደመረጠኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የዚህ ተቃራኒም አለ። መጀመሪያ የማይሆን ትልቅ ነገር ይጠይቁና እምቢ ሲባሉ ወደ ትንሹ ይወርዳሉ። መርካቶ ጫማ የገዛ ሰው ይህን በጥናት ማረጋገጥ አያስፈልገውም። ሻጩ ከወረደ እኛም ትንሽ መውጣት ያለብን ይመስለናል።

መታዘዝ ላይ ግን ቀልዱ ይቀንሳል።

አንድ ማታ ቃሊቲ ላይ ሃይገር ሞልተን ተቀምጠናል። የሚያብረቀርቅ ሰደርያ የለበሰ ሰውዬ በበሩ ብቅ አለና "ሁላችሁም ውረዱ፣ እንደገና ተሰለፉ!" አለ። ወረድን። ሕፃን የታቀፈችም ወረደች። ስንሰለፍ ሾፌሩ ከሻይ ተመልሶ "ማነው ያወረዳችሁ?" ሲል ዞር ብንል ሰውዬው እኛ በለቀቅነው ወንበር ላይ ቁጭ ብሏል። ለካ ከኮንስትራክሽን ሥራ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሌናርድ ቢክማን የተባለ ተመራማሪ ብሩክሊን መንገድ ላይ አላፊ አግዳሚውን "ያንን ወረቀት አንሳ" እያስባለ ያሳየው ይህንን ነው። አዛዡ የጥበቃ ልብስ ሲለብስ፣ እንደ ማንኛውም ሰው ወይም እንደ ወተት አመላላሽ ከለበሰው የበለጠ ታዘዙት።

የታወቀው ሙከራ የስታንሊ ሚልግራም ነው። ሚልግራም የአሽ ረዳት ሆኖ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1961 የል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ለማስታወስ ችሎታ ጥናት ብሎ 4 ዶላር ከ50 ሳንቲም እየከፈለ ተራ ሰዎችን ጠራ። ሥራው "ተማሪው" በተሳሳተ ቁጥር በኤሌክትሪክ መቅጣት ነው። ማብሪያዎቹ 30 ናቸው፣ ከ15 ቮልት እስከ 450። ተማሪው ከግድግዳው ወዲያ ነው። 300 ላይ ግድግዳውን ይደበድባል፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ይጠፋል። በእርግጥ ተማሪውን ኤሌክትሪክ አይነካውም፣ የእሱ ሁሉ ትያትር ነው። ቀጪው ግን ይህን አያውቅም። እሱ ሲያመነታ ግራጫ ጋዋን የለበሰው ሰው በረጋ ድምፅ "እባክዎ ይቀጥሉ" ይለዋል። ከ40 ሰው 26ቱ እስከ 450 ሄዱ።

እነዚህ ሰዎች ጨካኞች አልነበሩም። ያልባቸው፣ ይንቀጠቀጡ፣ ያለ ምክንያት ይስቁ ነበር። እየተጨነቁ ቀጠሉ። ይሉኝታም አይደለም፤ ጋዋን የለበሰውን ሰው ሁለተኛ አያዩትም። ሚልግራም እንደሚለው "ኃላፊው እሱ ነው" ብለው ሸክሙን ወደ እሱ አዛውረውታል። እኛ "ታዝዤ ነው" እንደምንለው። በየቢሮው መስኮት ይህቺን ቃል ስንቴ ሰምተናል?

ኋላ የሙከራውን የድምፅ ቅጂዎች የመረመሩ ሰዎች ከተሳታፊዎቹ አንዳንዶቹ ነገሩን ጠርጥረው እንደነበር አሳይተዋል፤ ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ወንጌል መያዝ አይገባም። አንድ ነገር ግን ደጋግሞ ይታያል። አዛዡ ከክፍሉ ወጥቶ በስልክ ሲያዝ እስከ መጨረሻ የሚሄደው ከአምስት አንድ ያህል ሆነ። ሌሎች ሁለት "ቀጪዎች" አንቀጥልም ብለው ሲነሱ ደግሞ ከአሥር አንድ ብቻ። አሽ ያገኘው መሰንጠቅ እዚህም ሠራ። ሙከራው እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት በለዘበ መልኩ ሲደገም የታየውም ያስገርማል። "ምርጫ የለዎትም፣ መቀጠል አለብዎት" የሚለው የመጨረሻው ጥብቅ ትእዛዝ ሲነገረው የቀጠለ አንድም ሰው አልነበረም። ትእዛዙ ሲያፈጥ ሰው ይነቃል መሰለኝ።

ወደ ቀለሙ ልመለስ። ጸሐፊ መሆኔ አንዴ ጠቀመኝ። ሰብሳቢውን ለብቻው አግኝቼ "ጋሼ፣ ለቃለ ጉባኤው እንዲያመች ድምፁን በወረቀት ብንሰበስብስ?" አልኩት። ትንሽ ጥያቄ ነበረች። እሺ አለ። በሚቀጥለው እሁድ ከደብተር ቀድጄ 38 ብጣሽ ወረቀት አደልኩ። ቀለም ወይስ ሮቶ። ታጥፎ ተመለሰ፣ ሰብሳቢው ፊት ቆጠርኩት። ሮቶ 31፣ ቀለም 7።

ሰብሳቢው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለባበጣቸው። ከዚያ መነጽሩን አወለቀና "እንግዲያውስ ባለፈው ሁሉ እጁን ያወጣው ማነው?" አለ።

ሁላችንም ሌላው ምን እንደሚል ለማየት እርስ በርስ ተያየን።